አለኸኝ

ካርቱም፣ ከቆርቆሮ ሥር፣ ፀሐይ አናት ስትበላ፣
አንድ ቅጽ ሞይ ነበረ፣ ግማሽ ጸሐፊ፣ ግማሽ ደላላ።
«ልጅ አለሽ?» አለኝ፣ እስክሪብቶውን አንስቶ፣
«ካለሽ ፋይልሽ ይከርማል፣ ከሁሉ በታች ተኝቶ።»

«የለኝም» አልኩት።
ቀላል ቃል ናት፤ ከትንፋሽ እንኳ አትረዝምም፣
ስትወጣ አትቧጭርም፣ ስትወጣ አታምምም።
ዜሮ ጻፈ፣ ክብ አድርጎ፣ እንደ እንቁላል አሳምሮ፤
ጴጥሮስ ሲክድ ዶሮ ጮኸ፤ በዚያ ግቢ አልነበረም ዶሮ።
ልጄ ያኔ አራት ዓመቱ፤ ኮምቦልቻ፣ ከአክስቴ ጓሮ፣
ይሮጥ ነበር የግራ ጫማውን በቀኝ እግሩ አስሮ።

አሁን ዊኒፔግ ነኝ። ሌሊት የሆስፒታል አንሶላ አጥባለሁ፤
ሌላዋ እናት የወለደችበትን አጥፌ እደረድራለሁ።
ሲነጋ ወደ ሰርጀንት መንገድ፣ በረዶው ከጫማዬ ሳይራገፍ፣
ጠበቃዋ ዘንድ እደርሳለሁ፣ የካድኩትን ልጄን ላስጽፍ።

ወይዘሮ ፍሪሰን ደግ ናት። መነጽሯን ከፍ አድርጋ፣
«ስትገቢ ያልጻፍሽው ልጅ…» አለች፣ ቃሏን ፈልጋ፣
«ሕጉ ቤተሰብ አይለውም። ስሙን ማን አልሽኝ?»
«አለኸኝ።»
ሙሉመቤት፣ አስተርጓሚዬ፣ ልትፈታው አፏን ከፈተች፤
ዝም አለች። ወደ እኔ ዞረች።
«እንደወረደ ልንገራት?»
አንገቴን ደፋሁ። ነገረቻት።
ጠበቃዋ ብዕሯን አስቀመጠች።
የዜሮው ቅጽ በግራዋ፣ የልደቱ ወረቀት በቀኝ፤
አንደኛው «የለኝም» ይላል፣ አንደኛው «አለኸኝ»።

የተወለደው ጳጉሜ ሦስት፣ በሩፋኤል ዝናብ ነው።
«ወር ምረጪ» አለ ኮምፒዩተሩ፤
ወረድኩ፣ ወጣሁ፣ አሥራ ሁለት ቆጠርኩ።
«ጳጉሜስ?»
«የለም» አሉኝ።
በምን አፌ ልቆጣ? እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ከዚያ ጫፉ ጥጥ የሆነ እንጨት ይዘው «አፍሽን ክፈቺ» አሉኝ።
«የለኝም» ያለውን አፍ። ከጉንጬ ሥር አዙረው እውነቱን ቀዱልኝ።
አዲስ አበባ ለእርሱም እንዲሁ፤ «ኮረኮረኝ» ብሎ ስቋል አሉ።
ውጤቱ መጣ፦ ዘጠና ዘጠኝ፣ ነጥብ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ።
የጎደለችው ሽራፊ የማን እንደሆነች እኔን ጠይቁኝ።

አርባ ሦስት የሐዋላ ደረሰኝ። የክትባት ካርድ። የቀበሌ ማኅተም።
የአክስቴ በር ፎቶ፣ ቁመቱን በከሰል ያሰመሩበት፤
ሰባት መስመር፣ አንዱንም እኔ ያልነበርኩበት።
«ለምን እንደካድሽው በራስሽ ቃል ጻፊ፤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ።»
ሦስት ቀን ጻፍኩ። ደላላውን ከሰስኩ፤ ሰረዝኩት።
ፍርሃቴን ጻፍኩ፤ እሱንም ሰረዝኩ።
የቀረችው ይህች ናት፦
ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ይላሉ፤ አፋፉ ላይ ልጄ ቆሟል።

እሑድ ደወልኩ። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤
ድምፁ ለመጎርነን ያሰበ ይመስላል።
«እማ፣ አሁን ወረቀቱ ላይ አለሁ?»

ማን ነገረው? አልጠየቅኩም።
ስሙን ጠራሁት። ደግሜ ጠራሁት።
«ወረቀት አምጣ» አልኩት ከዚያ፣ «እግርህን አሳርፍበት፤
ዙሪያውን በእርሳስ አስምር። የበረዶ ጫማ ልገዛልህ ነው።»

ፎቶው በማግስቱ ደረሰ። ምን ያህል እግር ነው!
ከተረከዙ ክብ ሆኖ ይነሳል፣ እንደ ዜሮ ሊገጥም ይልና
አምስት ጣት ያወጣል።
አሳተምኩት፤ ከደረሰኞቹ ሥር አስገባሁት።
ከታች በእርሳስ «ቀኝ» ብሎ ጽፎበታል።

ግራ እግሩ ነው።